ምስጋና ለማይፈተነው ተፈታኝ

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። አንዲት አዛውንት ጎረቤቷ «ልጅሽስ? ከጠፋብን ቆየ እኮ» ብለው ጠየቋት። አክስቴ አቦሉን እየቀዳች «ምን እባክዎ፣ ጂማት ይዞት ከክፍሉ አይወጣም» አለቻቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«በሞትኩት! የቱ ጋ ነው? ወጌሻስ አሳይታችሁታል?»

«አይ እትዬ፣ የእግር ጅማት አይደለም፤ ፈተና ነው።»

«እሱማ ፈተና ነው! እኔስ በዚህ ጉልበቴ ስንት ዓመት ተፈተንኩ!»

ላስረዳቸው አስቤ ተውኩት። የአክስቴ ልጅ ጂማት የያዘው በ2012 ዓ.ም. ነው። እስከ ዛሬ አልተፈተነም። የሴትዮዋ ምርመራ ከሁላችንም ሳይሻል አይቀርም።

ዛሬ የተነሣሁት ግን ልወቅሰው ሳይሆን ላመሰግነው ነው። «ለጂማት እየተዘጋጀሁ ነው» እያለ በየካፌው ማኪያቶ የሚያቀዘቅዘው ማኅበር ውለታው ተዘንግቷል። ሐውልት ባናቆምለት እንኳ ይህች ጽሑፍ ትድረሰው።

ጂማት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች አመልካቾቻቸውን የሚመዝኑበት ፈተና ነው። አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች መክረውበት እ.ኤ.አ. በ1954 መሰጠት ጀመረ፤ ዛሬ በጠቅላላው የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ለ135 ደቂቃ ከአምስት ዓመት በላይ መሰናዳት! ለልጃችን ሠርግ እንኳ ይህን ያህል አንደግስም።

ክብሩን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤታችን አንዲት ልጅ ነበረች። ለማንም ሳትናገር ሦስት ወር አጠናች። አንድ ቀን ጠዋት ፓስፖርቷን ይዛ ሄደች፤ ኪሷን አራግፋ፣ ሰዓቷን አውልቃ ተፈተነች። በማግሥቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራ ገባች። እኛ የሰማነው መልቀቂያ ስታስገባ ነው። ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል? «በርቺ» ያላት የለም፣ የተጸለየላት የለም፣ ስሟ በየቡናው አልተነሣም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ትርፏም አንዲት ቁጥር ናት፤ እሷም ከአምስት ዓመት በኋላ አታገለግልም። «እየተዘጋጀ ነው» የሚለው ማዕረግ ግን ጊዜ አያልፍበትም።

የማዕረጉን ጥቅም በአክስቴ ልጅ አይቻለሁ። አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ባንዱ ተባዝቶ የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ አለው። ካፌ ሲገባ ሽፋኑን ወደ ሰው አዙሮ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ አስተናጋጁ ሳይቀር ድምፁን ይቀንሳል። እድር ድንኳን የሚተክል ጎረምሳ ሲያስፈልገው ያጠናል። ለክርስትና በግ የሚጎትት ሲጠፋ ያጠናል። ዶሮ ወጡ ሲደርስ ግን ዕረፍት ይወጣል። ፈተናው በመካከል አሥር ደቂቃ ዕረፍት ይፈቅዳል፤ የእሱ ዕረፍት ደግሞ በመካከል አሥር ደቂቃ ጥናት ይፈቅዳል።

ዕድለኛም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጠበበው የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር በማረም ላይ ነበር። በዚያ ወራት እናቱ «እራት ቀርቧል፣ ና ብላ» ስትለው በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ባለቤቱና ግሱ መስማማታቸውን ሳያረጋግጥ አይነሣም ነበር። ከዚያ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አዲሱ ፈተና መጣ፤ በዚያው ዓመት ጥር 22 አሮጌው ተሰናበተ። ዓረፍተ ነገር ማረሙ ቀረ። ጂኦሜትሪው ቀረ። የጽሑፍ ድርሰቱም ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ፀጉሩን ይነጭ ነበር። እሱ ፊቱ በርቶ ከክፍሉ ወጣና «በቃ፣ ከዜሮ መጀመር አለብኝ» አለን። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያቺም ምክንያት ልታረጅ ስትል መንግሥት ደረሰለት። መመዝገቢያው 275 ዶላር አካባቢ ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 15 ሺህ 700 ብር ያህል መሆኑ ነው፤ ያኔ «ትንሽ ልጠንክርና» እያለ ቆየ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሄደ። አሁን ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ጥናት ሳይሆን ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ነው። አባቱም የእሱን ስንፍና ትተው የብርን መድከም ማማረር ጀምረዋል።

ስለ ኮምፒውተሩ ተንኮል ያለውንም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ አንዱን በትክክል ስትመልስ የሚቀጥለውን ያከብድብሃል። በወቅቱ የከፈለ ተከራይ ላይ ኪራይ የሚጨምሩ አከራዮችን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የአክስቴ ልጅ ግን ከሁላችንም ቀድሞ መፍትሔ አገኘለት፦ የመጀመሪያውንም ጥያቄ አለመመለስ።

ከማኅበሩ አባላት አንድ አማካሪ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ካፌው ጥግ ይቀመጣል፤ አምና ተፈትኖ 720 እንዳመጣ ይናገራል፤ ጀማሪዎችም ማኪያቶ እየጋበዙ ምክሩን ይጽፋሉ። የአዲሱ ፈተና ውጤት ከ205 እስከ 805 ነው፤ ሁሉም ቁጥር በ5 ያልቃል። ይህ ሰው እንግዲህ ፈተናው ራሱ ለማንም የማይሰጠውን ውጤት ተቀብሎ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ተፈታኝ የትኛው አገር አለው?

የነገሩ ሁሉ ምሥጢር የገባኝ ግን የአክስቴ ልጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያስረዳኝ ነው። አንድ ችግር ይቀርብልሃል፤ ከሥሩ ሁለት መረጃዎች ይሰጡሃል። ችግሩን እንድትፈታው ማንም አልጠየቀህም። መረጃዎቹ ለመፍታት ይበቁ እንደሆነ ብቻ ትናገራለህ፦ አንደኛው ብቻውን ይበቃል፤ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ይበቃሉ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይበቃሉ፤ አምስተኛው ምርጫ፣ ተደምረውም አይበቁም። «ካሰላኸው ጊዜህን አባከንክ» አለኝ ዓይኑ እየበራ። የዚህ ጥያቄ ፈጣሪ የእኛን መሥሪያ ቤት ስብሰባ አንድ ቀን ሳይካፈል አልቀረም፤ ችግሩ ሊፈታ የሚችል መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋግጠን ለሻይ የምንነሣበትን። የአክስቴ ልጅም ከመላው ፈተና ይህችን ክፍል መርጦ ኑሮው አደረጋት፦ ቢፈተን ሊያልፍ እንደሚችል አውቋል፤ ታዲያ መፈተኑ ምን ያደርጋል?

አምና ሽማግሌ ተልኮለት ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጎቴ ናቸው። ተቀምጠው፣ ተጫውተው፣ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ሁለት ነገር እንነግርዎታለን» አሉ። «አንደኛ፣ ልጃችን ጨዋ ነው። ሁለተኛ፣ ለትልቅ ፈተና እየተዘጋጀ ነው።»

«ፈተናው መቼ ነው?» አሉ የልጅቱ አባት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ አባቶቼ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል፤ ሰምተናችኋል» አሉ የልጅቱ አባት። «ነገር ግን ያመጣችሁልን አንዱም ብቻውን፣ ሁለቱም ተደምረው፣ ልጅ ለመስጠት አይበቃንም።»

እኒህ ሰው ጂማት የሚባል ነገር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። አጎቴ በሐዘን ተውጠው መጥተው የተባለውን ቃል በቃል ሲነግሩት፣ የአክስቴ ልጅ ለአፍታ አሰበና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

«ትክክል ናቸው» አለ። «አምስተኛው ነው።» ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።