«ፍጥነት» ብለን የምንዘግበው እንቅልፍ

የመኪና አደጋ ዜና ሲነበብ ምክንያቱን ከዘጋቢው ቀድመን እናውቀዋለን። ፍጥነት፣ ርቀት አለመጠበቅ፣ የፍሬን ችግር። ተሳቢ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ቀጥ ባለ አስፋልት፣ ፍሬን እንኳ ሳይረገጥ ከመንገድ ሲወጣ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እንቅልፍን ነው።

መጠጥ በትንፋሽ ይለካል። እንቅልፍ ግን ከግጭቱ ጋር ብን ብሎ ይጠፋል። «ሸለብ አድርጎኝ ነበር» ብሎ ራሱን የሚያስከስስ ሹፌርም አይገኝም። በ80 የሚነዳ መኪና ደግሞ በ4 ሰከንድ ሽልብታ 90 ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ማጥናት ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። በእኛ ሰዓት እናስላው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሹፌር፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጠብታ ሳይቀምስ ሞቅ ብሎታል ማለት ነው። ሰውነት አጥብቆ «ተኛ» የሚልበት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ደግሞ ገና ከፊቱ ነው።

የጅቡቲ መስመርን አስቡት። ከአዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። የአፋር ሙቀት ቀን ጋቢና ውስጥ አያስተኛም። ስለዚህ ሌሊት እንቅልፍ ሳይጠግብ ይነዳል፣ ጫት ይቃማል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም፤ ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው በአንዴ ይመጣል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህም ብዙ አይረዱም። (የሚረዳው ቡና ጠጥቶ ወዲያው 15 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ቡናው ሥራ የሚጀምረው ሲነሱ ነው። ለዚህ እንኳ እኛን የሚያህል የለም።)

«ሹፌሮቻችን አይጠነቀቁም» የሚለው ወቀሳ ለእኔ አይዋጥልኝም። ገቢው በቢያጆ የሆነ ሰው የተኛበት ሰዓት ከኪሱ ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያም ሰዓቱን ይመዘግባል። ያ ሕግ የመጣው ሹፌሩ ጨዋ ስለሆነ አይደለም።

እዚህም ተመራማሪዎቻችን ከቢሮ ወጥተው አዋሽና ሚሌ ሹፌሮቹ የሚያድሩበት ቦታ ቢሄዱ እላለሁ። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ስክሪን ላይ ምልክት ሲመጣ ቶሎ መጫንን የሚለካ የ10 ደቂቃ ፈተና አለ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጣቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጫንም። በቀላል መሣሪያ ይሠራል።

ፖሊስም አደጋ ሲመረምር ሁለት ጥያቄ ይጨምር። ለሹፌሩ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተኛኸው መቼ ነው? ለባለንብረቱ፦ ጭነቱ መቼ ይድረስ ብለህ ነበር?