ሰማዩ ጠራ ማለት ተዳፋቱ ደረቀ ማለት አይደለም

መስከረም ሲጠባ የተራራ ጉዞ ማስታወቂያ ቴሌግራሙን ያጥለቀልቀዋል። መነሻ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ፣ መድረሻ ወንጪ ወይም አንኮበር። ስለ ምሳውና ስለ ፎቶው በዝርዝር ይጻፋል፤ ስለ ናዳ ግን አንድ መስመር አይገኝም። አዘጋጁ አደባባዩ ላይ ቆሞ ቀና ይልና «ዛሬስ ብራ ነው» ብሎ መኪናውን ያስነሳል። መታየት የነበረበት መሬቱ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ የከረመ አፈር ዝናቡ ባባራ ማግስት አይደርቅም። ውሃው ቀስ እያለ ይሰርግና ከሥር ያለው ዐለት ላይ ሲደርስ ይጠራቀማል። አፈሩን ያከብደዋል፣ ዐለቱን የያዘበትንም ያላላዋል። ከዚያ በኋላ ለመናድ የአንድ ቀን ዶፍ ይበቃዋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት መድረሻው አካባቢ ላለ ሰው ደውሎ ያለፉት ሦስት ቀናት እንዴት እንደዘነቡ መጠየቅ ከሰማዩ ይልቅ ይነግራል።

ቀጥሎ ቁልቁለቱን መለካት ነው። በትሩን በቁልቁለቱ አቅጣጫ መሬት ላይ ማጋደም፣ ስልኩን በጎኑ በላዩ ማሳረፍና የውሃ ልክ መተግበሪያውን ማንበብ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከ25 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ዛፉ ተመንጥሮ ከታረሰ ወይም የተዳፋቱ ግርጌ ለመንገድ ከተቆረጠ፣ ሌላ መንገድ ይፈለግ። ከላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ ከታየ መለካትም አያስፈልግም። ከሁሉ የሚከፋው ሲፈስ የነበረ ወንዝ ድንገት ሲጎድል ነው፤ ሰው «ተሻለ፣ እንሻገር» ይላል፣ ውሃው ግን ከላይ በናዳ ተገድቦ ይሆናል።

የግድ መሻገር ካለ አንድ በአንድ፣ የሻንጣው የወገብና የደረት ማሰሪያ ተፈትቶ፣ የቀሩት ከዳር ሆነው ሽቅብ እያዩ ይሁን። ምሳም ፎቶም ከቦረቦር አፍ ላይ አይሆንም። ናዳው ሲመጣ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይሮጥም። የከሰዓቱ ዶፍ ሳይደርስ፣ እስከ 6 ሰዓት ከተዳፋቱ መውረድም ይገባል።

ኡኡታ ሰምቶ አለመሮጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን ቀበረ። ስለዚህ አንድ ሰው ከዳር ቆሞ የላዩን ተዳፋት ብቻ ይጠብቅ፣ ፉጨቱንም አስቀድሞ ይስማሙበት። የተቀበረው ሰው መጨረሻ የታየበት ቦታ ላይ ምልክት ይተከል። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፣ የቀረው ሰው ይራቅ።

አዘጋጆች «ገንዘቡ ተከፍሏል» የሚሉት ነገር አላቸው። መልሱ ቀላል ነው፦ ማስታወቂያው ላይ ከዋናው መንገድ ጎን ሜዳማ መጠባበቂያ መንገድ አስቀድሞ ይጻፍ፣ መኪናውም ክፍያውም ያው ይሁን።