ቤቶች!

ደሴ ለእረፍት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች ገንፎ ይዘው መጡ። መሀሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤው በበርበሬ ቀልቶ፣ በነጠላ ተሸፍኖ። እንዲህ ተከብሮ ሰፈር የሚያቋርጥ ገንፎ የአራስ ነው። እኔ ደግሞ 32 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ጥፋቱ የእማዬ ነው። ያኔ በስልክ "ሥራሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ፣ "የ24 ሴት ልጆች ወላጅ ሆኜ ተቀጠርኩ" ብያት ነበር። እሷ "ተቀጠርኩ" የምትለዋን ለራሷ አስቀርታ የቀረውን ለሰፈሩ አደለችው።

"ማሻ አላህ! በአንዴ 24!" አሉ ከግድግዳችን ወዲያ ያሉት እናት፣ ገንፎውን እያስቀመጡ። "አብሽሪ ልጄ፣ አባትየውም አንድ ቀን ይመጣል።"

ቡናው እስኪፈላ አስረዳኋቸው። ኬንያ፣ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። እኔም እነሱ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተሰጥታኝ አብሬያቸው እኖራለሁ። እቀሰቅሳለሁ፣ አስጠናለሁ፣ ስልካቸውን ሰብስቤ እቆልፋለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ።

"ለመብራት ማጥፊያ ደሞዝ ይከፍላሉ?" አለች ሙጋድ ሰፈር ያለችው አክስቴ። "እኛ ጋ በነፃ አይደል እንዴ የሚጠፋው?"

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጇ ሊያግዘኝ ብሎ፣ "ፕሮክተር ናት በሉ" አለ። ቤቱ ቀዘቀዘ። ፕሮክተር ሲባል ተማሪ የነበረ ሁሉ ትዝ የሚለው የቁልፍ ዘለላ፣ ፍራሽና "ፍራሹን ሳታስረክብ ክሊራንስ የለም" የሚል ፊት ነው። የሥራው ስም ዶርም ፓረንት፣ የማደሪያ ወላጅ እንደማለት ነው ብል ማን ሊሰማኝ። ለነገሩ እኔም ብሆን ወላጅነት ፈረቃ እንዳለው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ወላጅ ሆኖ ረቡዕ ማረፍ እንደሚቻል ያወቅሁት እዚያ ሄጄ ነው።

ከመቀጠሬ በፊት አሻራ ሰጥቼ ከወንጀል ነፃ መሆኔን ከፖሊስ አስጽፌያለሁ። (እማዬ፦ "አምስት ስወልድ አንድም አሻራ የጠየቀኝ የለም።") ቀጥሎ ሥልጠና ነው። ከልጅ ጋር ስታወሪ በር ክፍት ይሁን። አልጋዋ ላይ አትቀመጪ። "ለማንም አልናገርም" ብለሽ ቃል አትግቢ። ያየሽውን መዝግቢ። ክፍል ስትገቢ ሦስቴ አንኳኩተሽ "ግቢ" እስክትባይ ቁሚ። ዱላማ አይታሰብም፤ ኬንያ በትምህርት ቤት መምታትን የከለከለችው በፈረንጆቹ 2001 ነው።

እዚህ ላይ አክስቴ ሁለት ጣቶቿን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። እነዚያ ጣቶች ጭኔን በደንብ ያውቁታል። እኛ ሰፈር ልጅ የጋራ ነበር፤ ሲጎርስም የጋራ፣ ሲቆነጠጥም የጋራ። ቁንጥጫው ደግሞ ሃይማኖት አልነበረውም። ከመስጊድ የተመለሱትም ቤተ ክርስቲያን የሳሙትም እናቶች ያዝ አድርገው የሚያዞሩት በአንድ አቅጣጫ ነበር።

ታዲያ እኔ ከዚህ ሰፈር ሄጄ ነው በር አንኳኩቼ የምቆመው። ደሴ ላይ ሰው ቤት ሲኬድ "ቤቶች!" ይባላል፤ "ቤቶች" ተብሎ ሳያልቅ አንድ እግር ሳሎን ገብቷል። በመጀመሪያው ማታ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ሳላስበው "ቤቶች!" ብዬ ለቀቅሁት። 24 ልጆች ዝም። ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። በሳምንቱ ጫማዬ ደረጃ ላይ በተሰማ ቁጥር ከክፍል ክፍል "ቤቶች! ቤቶች!" የሚል ሹክሹክታ ይሮጥና የተደበቀ ብስኩት ሁሉ ትራስ ስር ይገባል። ከአማርኛ የሚያውቋት ቃል እሷ ብቻ ናት፤ ትርጉሟ "መጣችባችሁ" ይመስላቸዋል።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ የጠዋቱ አንድ ሰዓት "ሳ ሞጃ" ነው፣ ሞጃ ማለት አንድ። ትምህርት ቤቱ ግን የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን ሳላጣራ "መብራት ሦስት ሰዓት ይጠፋል" ብዬ በእንግሊዝኛ አወጅኩ። አንዷ እጇን አውጥታ፣ በትሕትና፣ "ሌሊት ሦስት?" አለችኝ። እኔ የማታውን ሦስት ይዤ "አዎ" አልኩ። እሷ የያዘችው የኛን ሌሊት ዘጠኝ ነበር። ያን ዕለት የተደረገውን ጭፈራ አለቃዬ ከቤቷ ሆና ሰማችው። ግቢው ውስጥ ነገሩ የገባው የሌሊት ዘበኛው ብቻ ነው፤ "ሳ ታቱ (የማታ ሦስት) ማለቷ ነው" ብሎ ተከራከረልኝ። ዘበኛን በስዋሂሊ "አስካሪ" ይሉታል። እማዬ ስትሰማ፣ "ሴት ልጆቹን ለአስካሪ ትተው ነው የሚያድሩት?" ብላ አማተበች።

"ምን ትበላላችሁ?" አለች አክስቴ።

"ኡጋሊ። የበቆሎ ዱቄት ይገነፋል።"

"ገንፎ ነዋ! ቅቤው?"

"የለውም።"

"በርበሬውስ?"

"የለውም።"

"መሀሉስ?"

"ድፍን ነው።"

"እንግዲያ ገንፎ አትበይው፣ ግንብ ነው።"

ቡና የሚያበቅል አገር ወተት ያለበት ሻይ ጠጥቶ ማደሩን ግን አልነገርኳቸውም። ፀብ አልፈለግሁም፣ ገና በረካው ይቀራል።

አንድ ቀን እዚያው ትምህርት ቤት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በሬን ቆረቆረች። ባዶ እግሯን ናት፤ በእጇ አንድ ካልሲ ይዛለች። "ጓደኛው ጠፋብኝ" አለች፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ። በዚያ ሰዓት ካልሲ የሚፈልግ የለም፤ ገባኝ። እማዬ ብትሆን ልብሷ ውስጥ ሽጉጥ አድርጋት ትተኛ ነበር። እኔ ደንቡን አሰብኩና ሳሎኑን ከፈትኩ፣ በሩን ወለል አድርጌ ትቼ ሻይ አፈላሁ፣ ከዚያ በባትሪ ካልሲ ፍለጋ ገባን። ልብስ ማጠቢያው፣ የአልጋው ስር፣ ደረጃው። ሲገኝ እንቅልፍ ይዟት ነበር። መዝገቡ ላይ "አንድ ካልሲ፣ ግራጫ፣ ተገኘ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሁለት ካልሲ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አምስት። በሳምንቱ መጨረሻ አለቃዬ የሻይ ቅጠሉና የወተቱ ወጪ ለምን እጥፍ እንደሆነ በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቀችኝ።

አገሩ እንኳ ባዕድ አይደለም። ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ከሐረጎ ኮምቦልቻን ያዩ ያህል ነው፤ ያው የኛው ስምጥ ሸለቆ ወርዶ ወርዶ እዚያ ደርሶ። ብርዱም የደሴው የጦሳ ተራራ ነው።

ማታ የገንፎውን ሳህን ዳቦ አድርጌበት ልመልስ ሄድኩ። የጎረቤታችን በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ቴሌቪዥን ይጮኻል። እጄ በራሱ ሦስቴ አንኳኳና ቆምኩ። ዝም። ደግሜ ሦስቴ አንኳኳሁና "ግቢ" እስክባል ጠበቅሁ።

"ቆጣሪው ውጭ ነው!" አሉ ከውስጥ። "አንብበህ ሂድ!"