የብስኩት ቆጠራ

በጥር ወር ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወጥቶ ሰርግ ያላጋጠመው ሰው ካለ፣ ወይ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያለፈው፣ ወይ ራሱ ሙሽራ ነበር። እኔ ባለፈው እሁድ የጎረቤቴን ልጅ አጅቤ፣ ጣቴን የሚያንቅ አዲስ ጫማ ተጫምቼ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው አጠገብ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። እስከ ዛሬ ሳላመሰግናቸው የኖርኳቸው ወገኖች እንዳሉ ትዝ ያለኝም እዚያው ነው።

ታውቋቸዋላችሁ። ሐይቅ ዳር የሚመጡት ብስኩት በካርቶን ይዘው ነው። ጦጣ ሲያዩ ፌስታል ይፈታሉ። አባ ኮዳ ለሚባለው ወፍ ከልጆች የዓሣ ሆድ ዕቃ ገዝተው ይበትናሉ፤ ለጉሬዛ ቺፕስ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ከነልጣጩ ይወረውራሉ። ከዚያ ስልክ ይወጣል፣ ይቀረጻል፣ ከሥሩም «ተፈጥሮን እንውደድ» ተብሎ ይለጠፋል። እኔም እንደ እናንተው እነዚህን ሰዎች ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ስነክስ ኖሬያለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅኋቸውም። ለካስ ሳይንቲስቶች ናቸው! የአገሩን የዱር እንስሳ ብዛት የሚከታተሉት እነሱ ኖረዋል፤ ያውም ያለ በጀት፣ ያለ አበል፣ በገዛ ብስኩታቸው።

ዘዴያቸው እንደ ሌላው ሳይንስ ሰው አያደክምም። ብስኩት ትበትናለህ። የመጣውን ታያለህ። «ኧረ ሞልቷል!» ትላለህ። ቆጠራው ተጠናቀቀ፤ እጅህን በሶፍት ጠርገህ ሶፍቱን እዚያው ትጥላለህ።

ሌላው ዓለም ግን ራሱን በከንቱ ሲያለፋ ኖሯል። የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚባል ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ በኋላ አፍሪካም ገብታበታለች። በየዓመቱ ጥር ገደማ፣ በብዙ አገር በአንድ ሰሞን፣ ሰዎች በማለዳ ብርድ ተነስተው ሐይቅ ለሐይቅ፣ ረግረግ ለረግረግ ይንከራተታሉ። አሠራራቸው ደግሞ እንዴት እንደሚያንገሸግሽ! አምና በቆሙበት ቦታ ዘንድሮም ይቆማሉ። አምና በቆጠሩበት ሰዓት ዘንድሮም ይቆጥራሉ። ምንም አይበትኑም። ባዶ ሆኖ ካገኙት «ዜሮ» ብለው ይጽፋሉ። ዜሮ! ዜሮን ከበስተኋላው አድርጎ ፎቶ የሚነሳ ሰው አይታችኋል?

ከእነዚህ አንዱ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ የዚያን ዕለት እኛ ዘንድ ነበር። አንገቱ ላይ ባይኖኩላር፣ እጁ ላይ እርሳስና የተጨማደደ ደብተር። ሐይቁ ዳር ቆሞ ማዶ ቄጠማው ውስጥ የሆነ ነገር ያያል፣ ይጽፋል፣ ያያል፣ ይጽፋል። ካሜራማናችን ገና ከመኪና ሲወርድ ነው ያየው።

«ወንድም፣ ከፍሬም ውጣልን!»

ልጁ ወጣ። ያልወጣው አባ ኮዳው ነው።

አባ ኮዳን ለማታውቁ (ሐዋሳ ያላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት) ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ መላጣ፣ አንገቱ ሥር እንደ ኮዳ የሚንጠለጠል ከረጢት ያለው ወፍ ነው። ከኋላው ስታዩት ጥቁር ካፖርት ደርቦ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የጡረታ ደብተሩ እስኪፈረምለት የሚጠብቅ የድሮ መዝገብ ቤት ኃላፊ ይመስላል። ሙቀት ሲበዛበት የገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ ማቀዝቀዣው ነው። ያ ነጭ ካልሲ የሚመስለው ነገር ካልሲ አይደለም። ይህን ለሙሽሪት የሚነግራት ጠፋ፤ «እንዴት ያምራል እግሩ!» ስትል ሁላችንም ሐይቁን አየን።

አባ ኮዳው የቆመው ሙሽሮቹ ይቆሙበታል በተባለው ቦታ ልክ መሐል ላይ ነው። አንደኛው ሚዜ «እሽ!» አለው። አልሰማም። ሁለተኛው ሚዜ አጨበጨበ፤ ወፉ ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ለማየት ዞር ብሎ አይቶ ተመለሰ። ሦስተኛው ሚዜ ኮቱን አውልቆ እንደ በሬ ተፋላሚ ያርገበግብ ጀመር፤ ኮቱ የኪራይ መሆኑ ሲነገረው አቆመ። በመጨረሻ ካሜራማኑ መላ አመጣ፦ «በምግብ እናስነሳው።»

አንድ ታዳጊ ባልዲ ይዞ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ አሞራ ገደል ባልዲ ይዞ የቆመ ልጅ አይታጣም። ከሆድ ዕቃው አንድ እፍኝ ተዘግኖ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ተወረወረ። አባ ኮዳው ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ዋጠ፣ ሦስት እርምጃ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ደገሙለት፤ ደገመላቸው። በሦስተኛው ከዓሣ ገበያው ጣሪያ ላይ አንድ ጓደኛው ወረደ። ቀጥሎ ሁለት መጡ። የሙሽራው አጎት በዚህ ጊዜ ደረሱ። ሁኔታውን አዩና ዓይናቸው በራ፤ ካፖርታቸውን አስተካክለው «ሌላ ባልዲ አምጣ!» አሉ፤ ሂሳቡንም ከፈሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሰርግ አይባልም። ሰማዩ ጠቆረ። ከየዛፉ፣ ከየጣሪያው፣ ከየቆሻሻ ክምሩ ካፖርት የለበሱ ጡረተኞች እየተምዘገዘጉ ወረዱ። ሁለቱ ያጌጠው መኪና ኮፈን ላይ ሆነው በሪባኑ ይጓተታሉ። አንድ ቁራጭ አንጀት የቬሎው ጫፍ ላይ አርፎ ኖሮ፣ አንዱ አንጀቱን ከነቬሎው ያዘ። አራት ሴቶች በወዲህ፣ አባ ኮዳው በወዲያ፣ ጉተታው ቀጠለ። ሙሽሪት «እማዬ!» ትላለች። እናቷ እየሳቁ ይቀርጻሉ። ድሮኗ ከላይ እንደ ዝንብ ትጮሃለች። ካሜራማኑ በጉልበቱ ተንበርክኮ «እንዳትንቀሳቀሱ! በጣም ያምራል!» ይላል።

አጎትየው ግን በዚህ ሁሉ መሐል ሥራቸውን አልረሱም። ጣታቸውን እየቀሰሩ ቆጠሩ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። አርባ ሁለት።

«እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ቦታ ሦስት አባ ኮዳ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዛሬ አርባ ሁለት! ማን ነው እንስሳት እየጠፉ ነው የሚለው?» ባለ ደብተሩን ልጅ በዓይናቸው ፈልገው አገኙት። «አንተ ልጅ! ና ጻፍ! አርባ ሁለት በል!»

«አይ ጋሼ» አለ ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «እነዚህ በምግብ የመጡ ናቸው፤ አይቆጠሩም።»

«እንዴት አይቆጠሩም? ቆመው እያየሃቸው?»

«እኔ እዚያ ማዶ ያሉትን ነበር የምቆጥረው። አሁን ድሮኗ አስነሳቻቸው።»

አጎትየው በሀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ ደብተሩ ላይ አንድ ረጅም መስመር ሰረዘ። የጠዋት ሥራው ነበር።

ልጁ ልክ ነው የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። አባ ኮዳ የሚበዛው ቄራና ቆሻሻ በበዛበት ነው፤ እሱ በዛ ማለት ቆሻሻችን በዛ ማለት ነው እንጂ ሐይቁ ደህና ነው ማለት አይደለም ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሰርግ ላይ መጠራት የለበትም። ደግሞም አጎትየው የልጅነታቸውን ሦስት አባ ኮዳ ሲያስታውሱ፣ ከጥቁር ውሃ ወንዝ በላይ የነበረው የቸለለቃ ሐይቅ አልታወሳቸውም። እሳቸው ልጅ ሆነው ውሃ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው፤ ከብት ይግጥበታል። ሐይቅ ግን ብስኩት ስለማይበላ ከቆጠራ ውጭ ነው።

የዚህ ሳይንስ ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ነው። በሻሸመኔ አድርጋችሁ በአጄ በኩል ስትወጡ ሰንቀሌ የሚባል የቆርኬ መጠለያ ታገኛላችሁ። እዚያ ያለው የቆርኬ ዓይነት ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ድሮ በሶማሊያ ሜዳም ነበር፣ እዚያ አልቋል። ሰንቀሌ ላይም በሺዎች ይቆጠር የነበረው ወደ መቶዎች የወረደበት ጊዜ ነበር። ግጦሹ በከብትና በእርሻ ተከቧል። ይህን ሁሉ የምናውቀው እነዚያ አሰልቺ ሰዎች ሣር ለሣር እየሄዱ ስለቆጠሩት ነው። በብስኩት ሕግ ግን ነገሩ ቀሊል ነው፦ ቆርኬ ለብስኩት አይመጣም፤ ስለዚህ የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ ሊጠፋ አይችልም። እፎይ።

ጉሬዛ ግን ይመጣል፣ ምስጋና ይግባውና። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ በቦታው ጉጥ ነገር ብቻ ነው ያለው። ክሬም ያለው ብስኩት በአራት ጣቱ አቅፎ ሲታገል ለቪዲዮ እንዴት እንደሚያምር! ሆዱ እንደ በሬ ሆድ ክፍልፍል ነው፤ ቅጠል እያብላላ እንዲኖር የተሠራ። ስኳር ሲገባበት ምን እንደሚሆን ቪዲዮው ላይ አይታይም፤ ቪዲዮው ሠላሳ ሰከንድ ነዋ።

«ሞልቷል» የሚለው ሳይንስ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ህንዶች ቀድመውናል። እዚያ ጥንብ አንሳ ከመብዛቱ የተነሳ ሰው ቀና ብሎም አያየውም ነበር። ሞልቷል! እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ሥራ የፈቱ ሰዎች በመኪና መንገድ ለመንገድ እየሄዱ ቆጥረውት ነበር። ኋላ እነዚያኑ መንገዶች ተመልሰው ሄዱባቸው። ጀርባው ነጭ የሆነው ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ አልቆ ነበር። የገደለው ምን ሆኖ ተገኘ? ወገባችንን ሲይዘን የምንወጋው ዳይክሎፌናክ! ለከብት ይሰጣል፣ ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ኩላሊቱ ይቆማል። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ለከብት እንዳይሰጥ የታገደው በ2006። እነዚያ ሰዎች ያን መንገድ ሁለት ጊዜ ባይሄዱበት ኖሮ ዛሬም «ቅድም አንድ አይቼ ነበር» የሚል አጎት አይጠፋም ነበር። የእኛው አገር ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ያ ቄራ አጥር ላይ የምታዩት ፊቱ ቀላ ያለው፣ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተጽፏል። በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው። ለጅብ ተብሎ መርዝ ተነስንሶ ሜዳ ላይ በተጣለ አንድ ሥጋ ግን መንጋው በአንድ ቀን ይረግፋል።

ቅድም ስለ ባልዲው ሳልነግራችሁ ያለፍኩት ነገር አለ። ሁለተኛው ባልዲ ሲመጣ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሆድ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ከሌባ ጣቴ የማይረዝሙ ቆሮሶዎች፣ አንዳንዶቹ አፋቸው ገና የሚንቀሳቀስ፣ እንደ ቆሻሻ ተቀላቅለዋል። ይህ በሆድ ዕቃ ስም የሚሸጠው ዘር ነው! ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናት፤ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ምግብ እንኳ እንደ ልቧ አትበላም። እኛ ጣት በማያሳልፍ መረብ ልጆቿን ጠርገን አውጥተን፣ ለመብላት እንኳ ሳንፈልጋቸው፣ ለፎቶ ማድመቂያ ወፍ ላይ እንወረውራለን። ከዚያ በሚመጣው ዓመት ጥሬውን በዳጣ አጥቅሰን እየበላን «ዓሣው ምነው አነሰ?» እንላለን። ምነው አነሰ! ማን በላው? አንተ ነህ! ለፎቶህ የበተንከው አንተ ነህ!

ታዳጊው ልጅ ፊቴን አይቶ «ጋሼ፣ እርስዎም ይግዙ እንጂ» አለኝ። በእሱ ምን እፈርዳለሁ፤ የሚገዛ ስላለ ነው የሚሸጠው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ትናንት የሙሽራው እናት ስልካቸውን ሰጥተውኝ፣ «አንተ ዓይን አለህ፤ ለአልበም የሚሆነውን ምረጥልን» አሉኝ። ተቀምጬ አየሁ። ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩም። ከመቶ ሠላሳ ሦስት ፎቶ አባ ኮዳ ያለበት ዘጠና ስድስት። ጦጣ ያለችበት ሃያ፤ በአንዱ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛለች። የሙሽራው ፊት በትክክል የሚታይበት አሥራ አንድ። አጎትየው ክንዳቸውን ዘርግተው በአርባ ሁለቱ መሐል የቆሙበት ተለቅ ተደርጎ ይታተማል ተብሏል፤ ሳሎን ይሰቀላል።

በዚያው ፎቶ በስተቀኝ ጠርዝ አንድ እጅ ገብቷል። እጅ ብቻ፤ እርሳስ እንደያዘ። ካሜራማኑን ስጠይቀው «አይጨነቁ፣ ኤዲት ላይ እናወጣዋለን» አለኝ።