ቦርከናን በኪሎ ተሻገርኩ

ገና አሁን ቤት መግባቴ ነው። ሱሪዬ እስከ ጭኔ ርሷል። ጫማዬ አንድ ነው። አዎ፣ አንድ! ሌላኛው ይሄኔ በቦርከና ወንዝ ከሚሴን አልፎ ወደ አዋሽ እየወረደ ይሆናል። ከእኔ በላይ አገር ያየ ጫማ።

መስከረም ነው፣ አደዩ ፈክቷል፣ ወንዝ ዳር ቡና እናፍላ ያለው ማነው? ራሱን ያውቃል። አሁን ግሩፑ ላይ የሳቅ ምልክት እየደረደረ ነው።

ጠዋት ስንሻገር ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ። ሳሩም ሲያዩት ምንጣፍ ነው፤ ሲቀመጡበት ነው ጭቃ መሆኑ የሚታወቀው። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ፣ ቢበዛ 12 ዓመት ቢሆነው፣ "ጋሼ፣ ደሴ ላይ ጠቁሯል፣ ማዶ አትቆዩ" አለኝ። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? "ደሴ ቢጠቁር እኛ ኮምቦልቻ ምን አገባን!"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጂኦግራፊ ስደፍን የኖርኩት! ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ተሰቅላለች፣ እኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ተቀምጠናል። ቦርከና ደግሞ የደሴን ዝናብ ሰብስቦ በዶሮ መዝለያ ገደል አድርጎ እኛው ላይ ያራግፈዋል። እዚህ ፀሐይ ቢሆን ለሱ ምኑም አይደለም። ልጁ ይህን ያለ ደብተር ያውቀዋል።

ከሰሉ ርሶ አልያዝ ብሎ አቦሉ ራሱ ስንት ሰዓት ፈጀ። ቶናው ሲቀዳ ድምፅ መጣ። የጫነ ሲኖትራክ ቁልቁለት ሲወርድ ዓይነት። ከዚያ ቀዩ ውሃ ግንድ ተሸክሞ፣ የደሴን ሃይላንድ በሙሉ አንሳፎ ከች አለ። ደሴዎች፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን ቆሻሻችሁን እዚያው ብታስቀሩት ምን አለበት?

ድልድዩ የታለ እንዳትሉኝ። ክረምት ሲገባ ይሠራል ይባላል። በጋ ሲሆን ደግሞ "ውሃ በሌለበት ድልድይ ምን ያደርጋል?" ይባላል። አብሽሩ፣ ለልጅ ልጆቻችን ይደርሳል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የወባ ትንኝ ቀለብ ሆነን ቆየን። ውሃው ትንሽ ሲጎድል ቁምጣ የለበሱ ጎረምሶች ከየት እንደፈሉ እንጃ፣ ዳሩን ሞሉት።

"ማሻገር ስንት ነው?"

"ሴቶቹ 50፣ እሱ 70።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የዓመት በዓል በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ። የቀረው ወገቤን ጨበጥ አድርጎ ማንሳት ነበር። "ፋዘር ግን 200።"

ፋዘር! 38 ዓመቴ ነው እኮ።

"ለምንድነው እኔ 200?"

"ፋዘር ሁለት ሰው ነዎት።"

"በኪሎ ነው እንዴ የምታሻግሩት?"

"ኧረ ኪሎው ለራስዎ፣ እኔ የማስበው ለወገቤ ነው።" ይሄ ሳያንስ ማዶ ላለው ጓደኛው ጮኸ፦ "ና ቶሎ! ይሄኛው ባንድ ሰው አይነሳም!"

ዳር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሰሙ። ላሞቹም የሰሙ መሰለኝ። ወዳጅ ተብዬዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፃሉ።

ወንዙ መሃል ላይ "ፋዘር፣ እግርዎን ይሰብስቡ፣ ውሃው ይዞብኛል" አለ። የቀኙን ሰበሰብኩ። የግራው ዘገየ። ለመስቀል የገዛሁት ጫማ ነበር፣ ዋጋውን ባለቤቴ እንዳታነብ አልጽፈውም።

ከብት ጠባቂው ልጅ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። "ነግሬዎት ነበር" ይለኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን "ጋሼ፣ ቡናው አለቀ?" አለኝ። ከፌስታሉ የተረፈውን ቆሎ ሰጠሁት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሰው የነበረው እሱ ነው።

ባጃጁ ደግሞ ባዶ እግሬን አይቶ እጥፍ ጠየቀኝ። ባለፈው ሐረጎ ተራራ ላይ በጭጋግ መሃል "ትርፍ ካልከፈላችሁ አልነዳም" ያለን ሹፌር ወንድም ሳይሆን አይቀርም። ከፈልኩ። ምን አቅም አለኝ?

ቤት ገብቼ እግሬን ልታጠብ ቧንቧ ከፈትኩ። ፊሽ... አየር። አምስተኛ ቀኑ! ወንዙ ጫማ ነጥቆ ይሄዳል፣ ቧንቧው ያፏጫል። ጭቃው እግሬ ላይ ደርቆ እንደ ካልሲ ሆኗል። በጄሪካን ከተረፈችው እጣጠብ ወይስ ለሻይ ላስቀምጣት እያልኩ ቁጭ ብያለሁ።

ከሚሴ ያላችሁ፣ ቡናማ ቆዳ፣ የግራ እግር፣ 43 ቁጥር። ካያችሁት ፎቶውን ላኩልኝ።