ሆዱ ለሚነፋ ሰው ከክኒኑ በፊት ስለ ወተት ይጠየቅ

ጠዋት ማኪያቶውን ጠጥቶ ሥራ የሚገባ፣ ረፋዱ ላይ ሆዱ ተነፍቶ ቀበቶውን የሚያላላ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ሲብስበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ሰገራ ይሰጣል፣ «ጃርድያ ነው» ወይም «አሜባ ነው» ይባልና ሜትሮኒዳዞል ታዞለት ይወጣል። ምርመራው ምንም ካላሳየ ደግሞ «ጨጓራ ይሆናል» ይባላል። ከወር በኋላ ያው ሕመም፣ ያው ምርመራ፣ ያው ክኒን። በዚህ ሁሉ ምልልስ አንድ ቀላል ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ ወተት ይጠጣሉ? ከጠጡ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምርዎት?

ይህ ጥያቄ ከመድኃኒቱ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወተቱ ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል። ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተያይዘው የሠሩት ነው። እንደተያያዙ ከቆዩ የአንጀትን ግድግዳ አልፈው ወደ ደም መግባት አይችሉም። የሚያለያያቸው በትንሹ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚገኘው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ገብስ አብቅለው ብቅል ሲያዘጋጁ የሚፈልጉት በቡቃያው ውስጥ የሚፈጠረውን፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኢንዛይም ነው። ነገር ግን ኢንዛይሞች ሥራ አይለዋወጡም። በምራቃችን ያለው አሚሌዝ የእንጀራውን ስታርች ይሰባብራል እንጂ ላክቶስን አይነካም፤ የሸንኮራን ስኳር የሚፈጨውም እንዲሁ። ላክቴዝ ሲያንስ ሌላ ተክቶት የሚሠራ የለም።

ሳይፈጭ የቀረው ላክቶስ ውሃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። እዚያ ባክቴሪያዎች ተቀብለው ሲያብላሉት ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱ ሰው ሚቴንም ይወጣል። መነፋቱ፣ የሆድ መጮኹና ቁርጠቱ የዚህ ውጤት ነው። ከሃይድሮጂኑ ከፊሉ ወደ ደም ገብቶ በሳንባ ስለሚወጣ፣ መሣሪያው ባለበት አገር ምርመራው የሚደረገው ትንፋሽ በመለካት ነው። የሰገራ ምርመራ ግን ጥገኛ ተሐዋስያንን ሊያሳይ ይችላል እንጂ የአዋቂን ሰው የላክቴዝ ማነስ አይናገርም።

ላክቴዝ ማነስ በራሱ በሽታ አይደለም። ሕፃን ሳለን ሁላችንም ለማለት ይቻላል ኢንዛይሙ በብዛት አለን፤ ከእናት ጡት ወተት 7 በመቶ ያህሉ ላክቶስ ነውና ያለ እሱ ማደግ ይከብድ ነበር። ጡት ከጣልን በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በአብዛኞቻችን እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ሰው ከብት ማርባት ከጀመረ ወዲህ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ እንዲቀጥል የሚያደርግ የዘረ መል ለውጥ ተስፋፋ። በአውሮፓ በስፋት የሚታየው አንድ ዓይነት ለውጥ ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በምሥራቅ አፍሪካ ከዚያ የተለዩ ለውጦች መኖራቸው ታወቀ። በ2013 የወጣ በኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ በርከት ያሉ ዓይነቶች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳየ። ስለዚህ በአንድ ማዕድ ከቀረቡ ወንድማማቾች አንዱ ወተት ሲስማማው ሌላው ቢታመም የሚያስገርም አይደለም፤ «ወተት ጠጥቶ የሚታመም ምን ዓይነት ሰው ነው» እየተባለ መነቀፍም የለበትም።

ጥያቄው አስቸኳይ የሚሆንብኝ ጃርድያና ላክቶስ ሲገናኙ ነው። ጃርድያ ላክቴዝ የሚገኝበትን የትንሹን አንጀት ሽፋን ይጎዳል። መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ቢያጠፋውም ሽፋኑ እስኪያገግም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሐል ሰውየው «ሰውነትህን ጠግን» ተብሎ ወተት ይጠጣል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጡ ይመለሳል። «አልለቀቀኝም» ብሎ ሲመጣ ሁለተኛ ዙር ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል። አፉ ብረት ብረት እያለው፣ ምግብ እያስጠላው፣ ለሌለ ተሐዋሲ መድኃኒት ይውጣል። መድኃኒቱ ሲባክን ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን መላመዳቸውም አብሮ ይመጣል፤ ሁላችንም የምንከፍለው ዋጋ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ወተቱን ያቁሙ የሚል ምክር ይህን ሁሉ ባስቀረው ነበር።

ወተት አይስማማኝም ያለ ሰው ግን ከወተት ተዋጽኦ ሁሉ መራቅ የለበትም። ብዙ ሰው ላክቴዙ አነስተኛ ሆኖም እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ገደማ፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ ብዙም ሳይቸገር ይችላል። በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎ ደግሞ ከላክቶሱ ከፊሉን ባክቴሪያዎቹ ወደ አሲድ ለውጠውታል፤ ሳይፈላ ከተበላም የባክቴሪያዎቹ ኢንዛይም አንጀት ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። አይብ ስናወጣ አሬራው ሞቆ ይረጋና አጓቱ ይጠለላል፤ ከላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ንጥር ቅቤ ውስጥ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። የቦረና አርብቶ አደሮች ኢቲቱ የሚባለውን የረጋ ወተት ሲያዘጋጁም አጓቱን ደጋግመው ያስወግዳሉ። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በየሱቁ የሚያገኙት «ላክቶስ የሌለው» ወተት ስኳሩ የወጣለት ሳይሆን ላክቴዝ ተጨምሮበት ቀድሞ የተፈጨ ነው። የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳር አልባ መስሎት እንዳይሳሳት።

የጾም ነገርም አለ። ከሁዳዴ 55 ቀን በኋላ በፋሲካ ሰሞን ወተት አመመኝ የሚል ብዙ ነው። ላክቴዝ የሚቀንሰው በዘረ መል እንጂ በጾም አይደለም። ወተት ሲቋረጥ የሚቀየረው የትልቁ አንጀት ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያዎች ላክቶስን ይለምዳሉ፤ ከሶማሌ ክልል ግመል አርቢዎች ብዙዎቹ ላክቴዛቸው አነስተኛ ሆኖ ሳለ በየቀኑ ብዙ ወተት ሲጠጡ አለመታመማቸው የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ጾመኛ ሰው በእርጎ ጀምሮ ወተቱን ቀስ በቀስ ቢጨምር ይሻለዋል።

ሕፃናትን በተመለከተ ግን ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ሕፃን ተቅማጥ ስለያዘው የእናቱን ጡት መከልከል አደገኛ ነው፤ መጥባቱን መቀጠል አለበት። የወተት አለርጂም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሰውነት መከላከያ ለወተት ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ለላክቶስ የሚሰጠው ምክር አይሠራም። ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ትኩሳት ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበት ሰውም ወተት ነው ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ አይገባም።

ትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ በየጤና ጣቢያው እስኪገኝ መጠበቅም አያስፈልግም። አደገኛ ምልክት የሌለበት አዋቂ ለ2 ሳምንት ወተቱን፣ ማኪያቶውንም ጨምሮ፣ ያቁም፤ በየቀኑ የበላውንና የተሰማውን በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ በሚቀጥሉት ሰዓታት የሚሆነውን ይመልከት። ያን ወረቀት ይዞ የመጣን ታካሚ ጤና ባለሙያው ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት ሊያነብለት ይገባል።