ማን አባሮህ ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል የሚሮጥ ሰው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ሌባ፣ መርዶ ነጋሪ ወይም የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ መንገደኛ። ሻንጣ ካልያዘ ሦስተኛው ይቀራል። ነጠላ ካላዘቀዘቀ ሁለተኛውም ይቀራል። የቀረችውን አንዷን ግምት ለማጣራት የሰፈሩ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ብቅ ይላል።

ጀማሪው ግን ምንም አልሰረቀም፤ ማራቶን ሊሮጥ ተመዝግቦ ነው። ይህን ለማስረዳት መቆም አለበት፤ ከቆመ ደግሞ ስልኩ የሚቆጥረው ሰዓት ይበላሽበታል። ለኪዳን የሚወጡት እማሆይ ምርኩዛቸውን ተክለው «ልጄ፣ ማን አባሮህ ነው?» ይሉታል። «ማንም አላባረረኝ እማሆይ፣ ስፖርት ነው!» ብሏቸው ያልፋል። ከኋላው ያማትቡለታል። በማግስቱም ያንኑ ይጠይቁታል።

«ማራቶን» የምትለዋ ቃልም አትረዳውም። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቲሸርቱን ለብሶ የተመለሰ ሁሉ ግን በሰፈሩ «ማራቶን ሮጦ የመጣው» ይባላል። ስለዚህ ጀማሪው «42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ልሮጥ ነው» ሲል ያገኘው መልስ «ባለፈው የጎረቤታችን ልጅም ሮጣ መጣች፣ ያውም እየጨፈረች» የሚል ነው።

ለመጀመሪያ ማራቶን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ችሎታ ቀስ ብሎ መሮጥ ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ መሮጥ በዚህ አገር ነውር መሆኑ ላይ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ ነበር የጨረሰው። ጀማሪው አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ቢሮጥ፣ ያውም እስከ መጨረሻው ከያዘው፣ 4 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለጀማሪ ይህ የተከበረ ሰዓት ነው። ልምምድ ላይ ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ 7 ደቂቃ ተኩል፣ ሽቅብ ከሆነ 8 እና ከዚያ በላይ። በሳምንት አራት ቀን የሚሮጥ ሰው ሦስቱን ቀን እንዲህ መንቀርፈፍ አለበት። ዘገምተኛው ሩጫ ልብን ያበረታል፣ ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያበዛል፣ ሰውነት ስብ ማንደድ እንዲለምድ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ጅማትና አጥንት ከሳንባ ዘግይተው ስለሚጠነክሩ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ሳንባ በአንድ ወር «እችላለሁ» ይላል፤ የቁርጭምጭሚት ጅማት ግን ገና ስብሰባ ላይ ነው።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ነች፣ ያውም ሜዳ። ለሠርግ ወርዶ ጠዋት በጣና ዳር የሮጠ ጀማሪ ከማርቆሱ በተሻለ ሰዓት ይጨርስና በአንድ ሌሊት አትሌት የሆነ ይመስለዋል። ሲመለስ ያንኑ ፍጥነት ሽቅብ ሊደግመው ይሞክራል። ከዚያ ሁለት ቀን ይተኛል።

የሩጫ አሠልጣኞች ልክ የሆነውን ፍጥነት ለመለየት «ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለብህ» ይላሉ። ለጎጃም ሰው ይህ መለኪያ የተሠራ ያህል ነው፤ ሰላምታው አለለት። «እንዴት አደሩ? ደኅና ነዎት? ቤት ደኅና? ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና? ዝናቡስ እንዴት ያደርጋችኋል?» ይህን ሳያለከልክ ከዳር ያደረሰ ሰው ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ ሰዓት መግዛት አያስፈልገውም። «ልጆች» ላይ ከቆመ ፈጥኗልና ይቀንስ። እጁን ብቻ አንሥቶ ካለፈ ደግሞ በሽቅድምድም ፍጥነት እየሄደ ነው፤ ቅጣቱም በዕለቱ ይደርሰዋል፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ እናቱ ዘንድ ሰው ተልኮ «ልጅሽ ምን በድለነው ነው ያኮረፈን?» ይባላል። ሰላምታን በሙሉ የመለሰ ሯጭ ጉልበቱንም ጉርብትናውንም ያተርፋል።

ጀማሪው ይህን ሁሉ ያውቃል። ያውቅና ባጃጅ ተራ ሲደርስ ይረሳዋል። አሥራ ሁለት ሾፌር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። «ና ግባ፣ በነፃ ነው!» ይላል አንዱ። «ተወው፣ ከእኔ ባጃጅ ይፈጥናል» ይላል ሌላው። እዚህች ላይ ነው ልምምዱ የሚበላሸው። ደረቱን ይነፋል፣ ርምጃውን ያስረዝማል፣ ሁለት መቶ ሜትር በሻምፒዮን ፍጥነት ይበርና ጥግ እንደዞረ ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል። ሲያጎነብስ ትምህርት ቤት የሚሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በኮንጎ ጫማ፣ ደብተሩን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ «አይዞህ ቀነኒሳ!» ብሎት ያልፋል። ልጁ በየቀኑ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይመላለሳል፤ ልምምድ መሆኑን የነገረው ግን የለም። ለሴት ጀማሪ ደግሞ አስተያየቱ እጥፍ ነው፤ ሾፌሮቹ አይበቁም፣ የሱቁ ባለቤትም ይጨመራል።

እንዲህ በየማዕዘኑ እየተሽቀዳደመ የከረመ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሙ መናገር ይጀምራል። ሕመሙ በቅልጥሙ ርዝመት የተሰራጨ ከሆነና ሰውነት ሲሞቅ ከቀነሰ፣ አጥንቱን የያዘው ጡንቻ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ለሳምንት ለሁለት ሳምንት በግማሽ መቀነስና ከአስፋልት ወደ አፈር መንገድ መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። በአንድ ጣት ጫፍ የሚነካ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነና ሌሊት ተኝቶም ከጠዘጠዘው ግን አጥንቱ ራሱ ሊሰነጠቅ ደርሶ ይሆናልና ሩጫውን ያቆማል፣ ሐኪም ያያል። ጎረቤት ለሁለቱም የሚያዘው አንድ መድኃኒት ነው፤ ወጌሻ። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ እጁ የተባረከ ነው። እዚህ ግን የወለቀ ነገር የለም። የሚያስገባው ያጣ ወጌሻ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የተቆጣውን ቅልጥም አሽቶ አሽቶ የባሰ ያስቆጣዋል።

በጫማ ጉዳይ ከተማው በአንድ ድምፅ ተስማምቷል፤ «አበበ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?» ነው። እውነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ማለትም በሦስት ደቂቃ ፈጥኖ መግባቱን የሚያነሣ ግን የለም። ጀማሪው ይህን ቢናገር «አንተ ከአበበ ታውቃለህ?» ይባላል።

ሰልባጅ ከሆነ መግዣው ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ያብጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይቀር፤ አለዚያ ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ቀጥሎም ይሰናበታል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት ነው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞ ባለቤቱን አረማመድ አብሮ እየገዛ ነው። የሶሉ ጎን በአግድም ከተሸበሸበና በአውራ ጣት ሲጫኑት ድንጋይ ከሆነ ሞቷል፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢልም ኦሪጅናል ሬሳ ነው። ደኅና ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ልምምዱ ብቻውን 600 ገደማ ይበላልና፣ አቅም ላለው ሁለተኛው ጫማ ከውድድሩ አንድ ወር በፊት መለማመድ ይጀምራል። በውድድሩ ቀን አዲስ ጫማ ማድረግ ለሙሽራ ነው። ክረምት ላይ ዋልካው ከሶሉ ተጣብቆ አንዱ እግር ኪሎ ሲመዝን፣ ሩጫውን ትቶ ጠጠር መንገድ እስኪያገኝ በእግር መሄድ ነው።

ፕሮግራሙ የ18 ሳምንት ነው፤ ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ሳይቆም መሮጥ ለሚችል ሰው። ረጅሙ የሳምንት ሩጫ ከ10 ኪሎ ሜትር ይነሣና በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ይጨመርበታል፤ በየአራተኛው ሳምንት በሲሶ ይቀንሳል፤ 30 ሲደርስ ይቆማል። የመጨረሻው 30 ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። «42ቱን ሳትሮጠው እንዴት ታውቀዋለህ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ከ30 በኋላ ያለው ትርፉ ትንሽ፣ የማገገሚያው ዕዳ ብዙ ስለሆነ ነው የሚተወው። ጠያቂው በዚህ አይረካም።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይሻላል። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ሰንበቴ አለ። ዐቢይ ጾም ከገባም ቅዳሜና እሑድ እስከ ቀትር በኋላ ሳይበሉ መዋል የለም፤ ቅዳም ሥዑር ብቻ ናት የተለየችው። በአዘቦቱ የሚጾም ሰው ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ቀምሶ፣ 11 ሰዓት ላይ አጭሩን ሩጫ ቢሮጥ ይስማማዋል። ዕድር ግን ረጅም ሩጫን እንደ ምክንያት አይቀበልም። ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል፤ «24 ኪሎ ሜትር ነበረብኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የለም። ለለቅሶ የቀረ ሩጫ በሚቀጥለው ሳምንት ተደርቦ አይከፈልም፤ ቀረ በቃ። ደርቦ ሊከፍል የሞከረ ነው ወጌሻው ደጃፍ የሚገኘው።

አንዳንዱ ዘዴኛ ነኝ ይልና በመኪና ደጀን ወርዶ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይሮጣል። ሐሳቡ «ቁልቁለት ይቀላል» ነው። ለሳንባ ይቀላል። መንገዱ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በየርምጃው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ ፍሬን የያዘ ጡንቻም ከገፋው ይልቅ ይሰነጣጠቃል። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ይከፋል። ያን ቀን ሽንት ቤት መቀመጥ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ስንቁን በተመለከተ አያቶቻችን ቀድመዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ ሜትር 60 ካሎሪ ያህል ያነዳል፤ ማራቶን ከ2,500 በላይ ይፈልጋል፤ ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር ግን ወደ 2,000 ቢሆን ነው። ሒሳቡ 30ኛውና 35ኛው ኪሎ ሜትር መካከል ላይ ይጎድላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት አንሥቶ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳርነት ያለው ነገር መውሰድ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፤ 45 ግራም ገደማ ይሆናል። በሶው ቀጭን ይሁን፤ ከወፈረ የጠርሙሱን አፍ ይደፍንና ጀማሪው እየሮጠ ጠርሙስ ሲጠባ ይታያል። አንዳንድ ሆድ በሶን ሩጫ ላይ አይቀበልምና ፈተናው በቅዳሜው ልምምድ ነው፣ በውድድር ቀን አይደለም። በዋዜማው ድንች፣ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፤ ሽሮና ባቄላ ግን ለሌላ ቀን፤ ሆድ በ20ኛው ኪሎ ሜትር ሲጮህ ቁጥቋጦ ፍለጋ ሌላ ሩጫ ይጀመራል። ጠላ ላይ «አንድ ጣሳ ምን ያደርግሃል፣ እህል እኮ ነው» የሚሉትን በትሕትና ማለፍ ነው። በትሕትና ማለፍ በጎጃም ሦስት ጣሳ ያህል ጊዜ ይወስዳል።

ብብትና ጭን መሃል ተፋትጎ እንዳይላጥ ቫዝሊን መቀባት ነው፤ ቅቤ የሞከረን ሰው ውሻ ተከትሎታል። ውሻ ሲመጣ መቆምና ድንጋይ ለማንሣት እንደሚያጎነብሱ መሆን፤ ይህን ለጎጃም ልጅ ማስተማር ውሃን ወደ ዓባይ መውሰድ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫው ሲቀንስ ያልነበረ ሕመም ሁሉ ይፈለፈላል፤ ጉልበት ይቆረቁራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ብዙው ከሥራ ፈትነት የመጣ ነው። ያን ጊዜ «አሁንስ በረታሁ» ብሎ 35 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አለ። እሱ ማራቶኑን ከአሥር ቀን በፊት ጨርሷል።

በዕለቱ ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ከበሮ ይመታል፤ ባጃጅ ተራው ሺህ ጊዜ ተባዝቶ ቆሟል። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዱን ከዕቅዱ በግማሽ ደቂቃ ፈጥኖ የሮጠ በ32ኛው ላይ ይከፍላታል፤ እግሩ እንጨት ይሆናል፣ ስሌት ይጠፋዋል፣ ቀሪው 10 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሌላ አገር ርቀት ይመስለዋል። በየጣቢያው ጠርሙስ ሙሉ የሚጨልጠውም አልዳነም፤ ከልክ ያለፈ ውሃ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል፣ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ጥቂት ጥቂት፣ ሲጠማ መጎንጨት ይበቃ ነበር።

ከገባ በኋላ ስልኩ ይጮኻል። «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል ከማርቆስ። በ4 ሰዓት ከ58 መግባቱን ያስረዳል። «ሰዓቱን አልጠየቅንህም። ስንተኛ?» ሜዳሊያ ማግኘቱን ይነግራቸዋል። «ለስንት ሰው ሰጡ?» «ለጨረሰ ሁሉ።» ዝም ይላሉ። «ይሁና፣ ዋናው ጤና ነው» ይላሉ፤ ለታመመ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

በማግስቱ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ደረጃውን ፊት ለፊት መውረድ አይቻለውም፤ ጭኑ እምቢ ብሏል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ የበሩን ብረት በሁለት እጁ አንቆ፣ አንድ አንድ እግር እያወረደ መሬት ሲነካ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት እማሆይ ቆመው ያዩታል። ምርኩዛቸውን ይተክላሉ።

«አልኩህ እኮ ልጄ» ይላሉ፣ «ያዙህ አይደል?»